የጥሩምባ ነፊው ጉሮሮ

በዚያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብና የደብዳቤ ክፍል ምክትል ኃላፊ ነበርኩ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ከእጄ ወጥቶ፣ ስህተት ተገኝቶበት የተመለሰ ደብዳቤ አላስታውስም። ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን፣ ቀጥሎ የምተርከው ነገር የደረሰበት ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። ነገርን በልኩ መናገር፣ መነገር የማይገባውን አለመናገር፣ ከሁሉም በላይ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ሙያዬ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። በየመንገዱ የሚሰማው ተኩስ በርዶ፣ ሰዉ ዝም ብሎ መኖርን እንደ ልብስ የለመደበት ወቅት ነው።

የምኖረው ጎፋ ነበር። ወላጆቼን በልጅነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ ግን ላፍቶ የሚኖሩት አክስቴ ሙሉነሽና ባሏ ጋሽ በዳዳ ናቸው። ጋሽ በዳዳ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ እዚያው ላፍቶ ጤፍና ሽምብራ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ከእርሻው ሌላ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ተነስተው፣ ጥሩምባቸውን እየነፉ ከመንደር መንደር ይዞሩና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት በአማርኛም በኦሮምኛም ይጣራሉ። ድምፃቸው ከላፍቶ አቀበት ተነስቶ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር።

መርዶ ማሰናዳትም የእሳቸው ሥራ ነበር። ሩቅ አገር ሰው ሞቶበት ገና ያልሰማ ሲኖር፣ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው በማለዳ ይዘዋቸው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ለእያንዳንዱም ቦታ ይሰጡታል። አንጋፋው ከፊት ይሆናል። ጉልበት ያለው ሰው ሐዘንተኛው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ከጎኑ ይቆማል። አንዷ ሴት ውኃ ይዛ ትመጣለች። አንድ ሰው ደግሞ ሳይታይ በቤቱ ያለውን ስለታም ነገር ሁሉ ያነሳል። የመጀመሪያው ቃልም የታወቀ ነው፤ «አይዞህ፣ ምንም የለም፣ ማንም አልሞተም» ተብሎ ይጀመራል። ሰውየው ልቡ እስኪረጋ ነው እንዲህ የሚባለው።

ጋሽ በዳዳና አክስቴ አንድ ልጅ ነበራቸው። ግርማ ይባላል፤ ወታደር ሆኖ ሰሜን ግንባር ነው። ደብዳቤው ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል።

የጋሽ በዳዳ ድምፅ መሻከር የጀመረው በክረምት ነው። አክስቴ «እንጥሉ ወርዶ ነው» አለች። ፉሪ አካባቢ እንጥል የሚቆርጥ ሰው ስለነበረ ሄደው አስቆረጡ። ደም ተፉ፣ ለብዙ ቀን ሾርባ ብቻ ጠጡ፣ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ጎረቤትም የየራሱን ምክንያት አመጣ። አንዱ ጥሩምባው ጉሮሯቸውን ሰንጥቆት ነው አለ። አንዲት ሴት ደግሞ የሙታንን ስም ሲጠሩ ስለኖሩ ሙታኑ በተራቸው ጉሮሯቸውን ያዙት አለች። ዕድሜ ልካቸውን ስላጨሱት ትምባሆ የተናገረ ሰው አልሰማሁም፤ እኔም አላሰብኩትም። በበጋው ሲተነፍሱ ፉጨት የሚመስል ድምፅ መሰማት ሲጀምር ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ ሆስፒታል ወሰድኳቸው።

የጉሮሮ ሐኪሟ ከአንዱ የሶሻሊስት አገር የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ የማትበልጥ ሴት ነበረች። እንግሊዝኛዋ ቁርጥርጥ ያለ ቢሆንም ግልጽ ነው። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ግንባሯ ላይ መሐሉ የተበሳ ክብ መስተዋት አሰረች። ረጅም እጀታ ያላትን ትንሽ መስተዋት በአልኮል መብራት አሞቀችና፣ የጋሽ በዳዳን ምላስ በፋሻ ይዛ ወደ ውጭ እየሳበች፣ «ኢ ይበሉ» አለች።

ጋሽ በዳዳ የሆነ ድምፅ አወጡ። ምላሳቸው ሲለቀቅ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምላሴን ጥርቅም አድርጋ ይዛ ተናገር ትለኛለች! ይኼ እኮ የቀበሌያችን አሠራር ነው» አሉ።

አብራን የነበረችው ነርስ በሩ መዘጋቱን ዞራ አየች። ሐኪሟ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። «ትንሽ አመማቸው» ብዬ ተረጎምኩ።

በሌላ ቀን አስተኝተው ከጉሮሯቸው ቁራጭ ሥጋ ወሰዱ። ያ ሥጋ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ። ውጤቱ በመጣ ዕለት ጋሽ በዳዳ ከአክስቴ ጋር ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐኪሟ ልታስጠራቸው ስትል ነርሷ ክንዷን ያዝ አደረገቻትና በእንግሊዝኛ፣ «በእኛ ዘንድ ለበሽተኛው አይነገርም፤ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው» አለቻት። ሐኪሟ ለትንሽ ጊዜ ነርሷን አየቻትና እኔን ኮሪደሩ ላይ አቆመችኝ።

የነገረችኝ ይህን ነው። ጋሽ በዳዳን የያዛቸው የማንቁርት ነቀርሳ ነው። ማንቁርት ማለት ድምፅ የሚወጣበት የጉሮሮ ክፍል ነው። በውጭ አገር ገና ሲጀምር የተገኘውን በጨረር ያክሙታል፤ በዚያን ጊዜ ግን በአገራችን የጨረር ሕክምና አልነበረም። ወደ ውጭ ለመላክ በሐኪሞች ቦርድ ማለፍ፣ ተራም መጠበቅ ያስፈልጋል። የእሳቸው ደግሞ ተራ የሚጠብቅ አይደለም፤ ለጨረርም ቢሆን ዘግይቷል። የቀረው ማንቁርቱን እንዳለ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በሚበሳ ቀዳዳ ይሆናል። አይናገሩም። ይህ ካልተደረገ በወራት ውስጥ አየር አጥሯቸው ይሞታሉ።

ያኔ ምን ተሰማህ ብባል፣ ምንም የተሰማኝ ነገር የለም። የኮሪደሩ ወለል በሰም የተወለወለ እንደነበር አስታውሳለሁ። እሷ ስትናገር እኔ ዓረፍተ ነገሮቿን በልቤ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነጥባቸውን አስተካክል ነበር። ስትጨርስ አመሰገንኳት። ግቢው ውስጥ ጋሽ በዳዳ «ምን አለች?» ሲሉኝ፣ «ሌላ ቀጠሮ ሰጠች» አልኳቸው። ሦስታችንም በከተማ አውቶቡስ ወደ ቤት ተመለስን።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አክስቴንና የእድሩን ሽማግሌዎች በእድሩ ዳኛ በአቶ ተሰማ ቤት ሰብስቤ የሰማሁትን ነገርኳቸው። የበሽታውን ስም ስጠራ አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ይኼን ቃል ሁለተኛ እንዳትጠራው፣ ልጄ» አለች። «ከሰማው የሚገድለው ቃሉ ነው።»

«ትንሽ ዕጢ ናት፣ ትወጣለች እንበለው» አሉ አቶ ተሰማ። «ደግሞም ሐኪም ቤት አልገባም እንዳይል ሁላችንም ሆነን እንለምነው።»

«ሲነቁስ ምን እንላቸዋለን?» አልኩ።

«ከነቃማ ዳነ ማለት ነው። ምን ይላል?»

«ምንም ሊሉ አይችሉም» አልኩ። «ድምፅ አይኖራቸውም።»

አቶ ተሰማ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱና፣ «በል እንግዲህ፣ ነገ በጠዋት እንሄዳለን» አሉ።

ለምን በጠዋት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። የእድር ሽማግሌዎች ክፉ ነገር ይዘው ተሰብስበው ወደ ሰው ቤት የሚሄዱት ሁልጊዜ በማለዳ ነው። ሌላ አካሄድ አናውቅም ነበር።

በነጋታው ገና ጭጋጉ ሳይነሳ ደረስን። ጋሽ በዳዳ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የቀንበር ጠፍር ይጠግናሉ። ካራቸው ከጎናቸው መሬት ላይ ነው። አቶ ተሰማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ገቡ። በጉልበቱ የሚታወቀው በቀለ ከጋሽ በዳዳ ጎን ሄዶ ቆመ። የጎረቤት ሴት በማሰሮ ውኃ ይዛ አክስቴ አጠገብ ሆነች። እነዚህ ሰዎች ይህን አስበው ያደረጉት አይደለም፤ ከዓመታት በፊት የተሰጣቸውን ቦታ እግራቸው ያውቀዋል። ከኋላ የነበረው ሽማግሌም ጎንበስ ብሎ ካራውን ከመሬት አነሳና ከጋቢው ሥር አደረገው።

ጋሽ በዳዳ ጠፍሩን ለቀቁት። አንድ በአንድ አዩን።

«ካራዬን መልስ» አሉ በተሻከረ ድምፃቸው። «ይኼን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው አልመለሰም።

«ማን ነው የሞተው?»

«አይዞህ በዳዳ፣ ምንም የለም» አሉ አቶ ተሰማ። «ማንም አልሞተም።»

ይህን ሲሉ ምን እንዳሉ የገባቸው አይመስለኝም። የጋሽ በዳዳ ፊት ግን አመድ መሰለ። ከበርጩማው ለመነሳት ሞከሩ፤ በቀለ ብብታቸውን ያዘ፤ መያዙም ነገሩን አባሰው።

«ግርማ ነው» አሉ።

«አይደለም! ኧረ በማርያም አይደለም!» አሉ አቶ ተሰማ። «ማንም አልሞተም እያልኩህ?»

«ተሰማ፣ እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ልጄን በሉት ወይ? የት ነው የወደቀው? ከረን ነው? አፋቤት ነው?» ድምፃቸው ተቆረጠ፤ የሚሰማው የትንፋሻቸው ፉጨት ብቻ ሆነ።

ስለ ልጇ የተሰማ ነገር እንደሌለ የምታውቀው አክስቴ እንኳ ተጠራጠረች። የምንደብቀው ስለ ባሏ ብቻ መሆኑን እያወቀች፣ የሰዎቹን አቋቋም ስታይ ልቧ ከዳት። ወደ እኔ ዞራ፣ «አስፋው፣ ልጄ ደህና ነው አይደል? ከእኔም የደበቃችሁኝ አለ?» አለች። ከዚያ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ጎረቤቷ ውኃውን አቀረበችላት።

ጋሽ በዳዳ እኔን ተመለከቱ። አቶ ተሰማ ከጀርባቸው ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል፤ አትናገር ማለታቸው ነው። እኔም ሁኔታውን በጥሞና መረመርኩት፤ ልማዴ ነው። ከዚህ ቦታ ሆኖ የሚታመን ውሸት አልቀረም ነበር። «ደህና ነው» ብንል መርዶ ነው። ዝም ብንል መርዶ ነው። ብንስቅ እንኳ መርዶ ነው። የእኛን ውሸት አንድ በአንድ የሠሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«ጋሼ» አልኳቸው። «ስለ ግርማ የመጣ ወሬ የለም። የመጣነው ስለ እርስዎ ነው። ጉሮሮዎን ነቀርሳ ይዞታል። እንዲድኑ ማንቁርትዎ መውጣት አለበት። ከወጣ በኋላ አይናገሩም።»

አንዲት ዶሮ የጠፍሩን ጫፍ ትጭር ነበር።

«ማልልኝ» አሉ።

«የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ።»

«ግርማ አልሞተም?»

«ስለ ግርማ የሰማነው አንዳች ነገር የለም፣ ጋሼ። የያዘዎት ነቀርሳ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፤ ሲስቡት አፏጨ። «ተመስገን» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ካራቸውን ተቀበሉ። «ሙሉ፣ ተይ አታልቅሺ፤ የእኔ ጉሮሮ ነው። ሰዎቹን አስቀምጫቸው፤ ቁርስ ስጫቸው።» ጠፍሩንም ከዶሮዋ አስጥለው ከቆሙበት ቀጠሉ። አቶ ተሰማ ቁርስ አልበሉም። ሌሎቹ በሉ።

በሚቀጥለው ቀን ጋሽ በዳዳ ራሳቸው ሐኪሟን ሊጠይቋት ፈለጉ። ምን እንደያዛቸው እንደሚያውቁ ስነግራት ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እኔን አላየችኝም፤ ንግግሯ ሁሉ ከእሳቸው ጋር ሆነ። እኔ በመካከል አሳላፊ ብቻ ነበርኩ።

«ካልተቆረጥኩስ በላት።»

ጠየቅኋት። «ታፍነው ይሞታሉ፤ ቀስ ብሎ ነው ትላለች» አልኳቸው። የቃሉን ክብደት ለመቀነስ አልሞከርኩም።

«ነቀርሳ ቢላ ከነካው ይበተናል ይላል ሰው።»

«እኛ ዘንድ የሚመጡት ከተበተነ በኋላ ነው። ከዚያ ሲሞቱ ቢላው ይወቀሳል» አለች ሐኪሟ።

«ከምን መጣ?»

«ብዙ ጊዜ ከትምባሆ። አረቄ ሲጨመር ይብሳል።»

«ሙታን ናቸው አላለችም?»

«አላለችም።»

«ጥሩምባ መንፋትስ እችላለሁ?»

ይህን ስተረጉም ሐኪሟ አልገባትም። ጋሽ በዳዳ ተነስተው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አሳዩአት። «አይችሉም» አለች። «አየሩ የሚወጣው በአንገትዎ ነው እንጂ በአፍዎ አይደለም። ሻማም አያጠፉም።»

«እስከ ሰኞ ስጪኝ በላት» አሉ።

ሰጠቻቸው።

ባለቤቴን አስፈቅጄ እነዚያን ቀኖች ላፍቶ አደርኩ። የሰፈሩ ሰው መጠየቅ ጀምሮ ነበር፤ ግን ሁሉም ስለ እህል፣ ስለ ዝናብ አውርቶ ይሄዳል። ጋሽ በዳዳ የሚጠጡበት ብርጭቆ ለብቻው መቀመጡን አየሁ። በሽታው ይተላለፋል ብለው የለዩት የጎረቤት ሴቶች ናቸው፤ አክስቴም አልከለከለቻቸውም። ጋሽ በዳዳም አይተውታል።

በዚያው ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ማንም አልሞተም። ቅዳሜ ወደ ማታ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «አየህ ጭካኔያቸውን?» አሉኝ። «ይኼን ሁሉ ዘመን አገልግያቸው፣ አንድ ሰው እንኳ ለእኔ ብሎ አይሞትም? ስሙን አሳምሬ በጠራሁለት ነበር።»

ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ ሲያበቃ፣ «እነዚያ ልጆች በቀይ ሽብር በየደጁ ሲወድቁ አትጥራ ተባልኩ» አሉ። «አልጠራሁም። እናቶቻቸውም አላለቀሱም። እስከ ዛሬ የት እንደ ተቀበሩ የማያውቁ አሉ። አሁን ደግሞ የእኔኑ በሽታ ከእኔው ደብቃችሁ ልትቀብሩት ነበር። በል፣ ነገ ከእኔ ጋር ትወጣለህ። ድምፄ አይደርስም። እኔ ልጀምር፣ አንተ ታደርሳለህ።»

«ምን ብዬ ነው የማደርሰው?»

«እኔ ያልኩትን።»

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ወጣን። ቀበሌው በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አስተካክሎ፣ «ማን ሞተ ጋሼ?» አለ።

«ማንም።»

«ታዲያ ሳይሞት ጥሩምባ የሚነፋው ለስብሰባ ነው። ስብሰባ የሚጠራው ደግሞ ቀበሌው ነው።»

«ስብሰባ አይደለም።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«በሽታ ነው።»

ልጁ ጥቂት አሰበ። ስለ በሽታ የተሰጠው መመሪያ የለም መሰለኝ፤ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቦ ወደ መጠለያው ገባ።

ጋሽ በዳዳ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቆሙና ጥሩምባውን ነፉ። እስትንፋሳቸው አልበቃም፤ ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ፤ ደግመው ነፉት። በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን እየጎተቱ፣ ወንዶች በእንቅልፍ ልብሳቸው ወጡ። «ማን ነው? ማን ነው?» ይባላል።

ጋሽ በዳዳ በጉሮሯቸው ያሉትን የምሰማው አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ተቀብዬ ደገምኩት።

«እድርተኞች! የሞተ ሰው የለም!»

ክንዴን ጎሰም አደረጉኝ። «ሰርኩላር ነው እንዴ የምታነበው? ከሆድህ አውጣው!»

«እድርተኞች ሆይ!» አልኩ እንደገና፤ ድምፄ ከግንብ ግንብ ተጋጭቶ ተመለሰልኝ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። «የሞተ ሰው የለም! በዳዳ ነኝ! ጉሮሮዬን ነቀርሳ ይዞታል!»

ያን ቃል ስጠራ አንዲት ሴት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሌሎቹ ባሉበት ቆሙ።

«ነገ ሆስፒታል እገባለሁ፤ ሐኪሞቹ ማንቁርቴን ያወጡታል! ከእንግዲህ ብትሞቱ የምጠራችሁ እኔ አይደለሁም! ሌላ ጠሪ ፈልጉ! በብርጭቆ አይተላለፍም፤ ሐኪሟን ጠይቄያለሁ! ድምፁ የሻከረ፣ አፉ ውስጥ የማይድን ቁስል ያለበት፣ እንጥል ነው ብሎ ቤቱ አይቀመጥ! እኔ ተቀምጬ ነው!»

የብርጭቆውን ነገር ሐኪሟን አልጠየቋትም ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝና። ቢሆንም እንዳሉት አደረስኩት። ሰኞ ሐኪሟን ጠየቅኋት፤ እውነት ሆኖ ተገኘ።

በእያንዳንዱ መታጠፊያ እየቆምን እስከ ወንዙ ድረስ ወረድን። የኦሮምኛውን እሳቸው በፉጨት ይሉታል፣ እኔ ባልተገራ አነጋገሬ እደግመዋለሁ፤ ሰዎች የእኔን ኦሮምኛ ሰምተው ፈገግ ሲሉም አይቻለሁ። ስንመለስ አቶ ተሰማ መንገድ ዳር ቆመው አገኘናቸው። የመጀመሪያው ቃላቸው፣ «በዳዳ፣ በስተርጅና አዋረድከን» የሚል ነበር። ቀጥለው ግን ጥሩምባውን ከእጃቸው ተቀብለው እስከ ቤት ተሸከሙላቸው።

ማክሰኞ ማንቁርታቸው ወጣ። በዋዜማው ማታ ከእኔ ጋር የተነጋገሩት ስለ በሬ ነው፤ ግራኙ በሬ እግሩን ስለሚያመው እንዳይጠመድ። የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነበር፤ ሌላ ነገር ተናገሩ ብል እዋሻለሁ።

ዳኑ። አንገታቸው ላይ በቀዳዳው ፊት ቀጭን ሻሽ እያንጠለጠሉ ብዙ ዓመት ኖሩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የተማሩት ፊደል ጠቀማቸው፤ የሚፈልጉትን በከሰል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይጽፉ ነበር። አጻጻፋቸው ስህተት ይበዛበታል። አላረምኳቸውም።

እሑድ ዕለት በተጣራን በሳምንቱ፣ ከፉሪ ወዲህ ካለው መንደር አንዲት ሴት በነጠላ አፏን ሸፍና አክስቴ ቤት መጣች። ምላሷ ጠርዝ ላይ ቁስል ነበራት። ቁስሉን ለባሏ እንኳ ያሳየችው ያን ጊዜ ነው። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ዘግይቶ ነበር። ከእሷ በኋላ የታችኛው ከንፈሩ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ ነገር የወጣበት ሽማግሌ መጣ፤ ያንን ቆርጠው አወጡለት፣ ዳነም። ከዚያም ሌሎች መጡ። ጥሩምባው ከተነፋ በኋላ ሰው የሚያውቀው ቤት የጋሽ በዳዳን፣ የሚያውቀው አስተርጓሚም እኔን ሆነ። በዓመት ፈቃዴም፣ በምሳ ሰዓቴም የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ተርጉሜያለሁ። ጡረታ እስክወጣ አልተውኩትም። መሥሪያ ቤቴ ይህን አያውቅም ነበር፤ የሥራ ሰዓትም አልነካሁበትም።

ግርማ ደርግ ሲወድቅ በእግሩ ተመለሰ። ጋሽ በዳዳ ደጃፍ ላይ ነበሩ። ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አውርደው መንፋት ስለማይችሉ በድንጋይ ይቀጠቅጡት ጀመር። ጎረቤት እየሮጠ ወጥቶ «ማን ሞተ?» አለ። እኔ በዚያ ቀን አልነበርኩም። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርክ ብትሉኝ ረጅም ነገር የለኝም። ሰውን ከመጥፎ ዜና እናድናለን ብለን የምናደርገው ነገር ከዜናው የባሰ ሊሆን እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ አባት ለጥቂት ደቂቃ ልጁ የሞተበት ሆኖ የኖረው፣ እኛ የበሽታውን ስም ላለመጥራት ስንል ነው። ነቀርሳው ሲነገራቸው «ተመስገን» አሉ። ይህን «ተመስገን» እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሐኪም ቤት ወስዳችሁ ያስመረመራችሁት ሰው ካለ፣ ኮሪደር ላይ ብቻችሁን የሰማችሁትን ይዛችሁ ወደ ግቢው ስትወጡ፣ እሱ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ «ምን አሉ?» ሲላችሁ፣ እኔ እንዳልኩት «ሌላ ቀጠሮ ሰጡ» አትበሉት።

ባለፈው ዓመት የእኔም አንገት ላይ እብጠት ወጣ። ወጣቱ ሐኪም ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ከእኔ አልፎ ወደ መጠበቂያው ወንበሮች ተመለከተ።

«አባቴ፣ ልጆችዎ አብረው አልመጡም?»

«አልመጡም» አልኩት። «በሽተኛው እኔ ነኝ። ለእኔ ንገረኝ፤ ስሙንም ጥራው።»

ነገረኝ። ሳዳምጠው ዓረፍተ ነገሮቹን አላረምኩም።

ልጆቼን ሰበሰብኳቸው። በጠዋት አልጠራኋቸውም። በምሳ ሰዓት፣ ሁላችንም እየበላን፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ነገርኳቸው።